እጃቸውን የሰበሰቡት ፈታሽ

«የማን ለቅሶ ነው?» አለኝ የባጃጁ ሹፌር፣ ጥቁር ልብሴን በመስታወቱ አይቶ።

ከእንጅባራ በሚኒባስ መጥቼ ዳንግላ መናኸሪያ ላይ መውረዴ ነበር። «የወይዘሮ አንጓች» አልኩት።

«የቷ አንጓች? ያቺ የባንኩ ሌባ?»

«አቁም!»

«ገና ነው እኮ፣ ቤቱ ከወፍጮ ቤቱ ማዶ ነው...»

«አቁም ብዬሃለሁ! አውርደኝ!»

ሂሳቡን መቀመጫው ላይ ጥዬለት በዚያ ጭቃ በእግሬ አዘገምኩ፤ እየተራመድኩ እሳደባለሁ። መንገደኛው ዞር እያለ ያየኛል፤ ይየኝ! በሹፌሩስ ምን እፈርዳለሁ? እትየ አንጓችን በዓይኑ አይቷቸው እንኳ ላያውቅ ይችላል። ከተማው ሲያወራ የሰማውን ነው ያወራው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። የሳቸው መቃብር አፈሩ ሳይደርቅ በላዩ የዋለው ስም ይኸው ነው። እኔ ደግሞ ስሙ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ፤ ያወጣላቸውንም ሰው አውቃለሁ። እያወቅሁ አፌ ታስሮ ነው የኖርኩት። ትናንት መቀበራቸውን የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ሰናይት ጠዋት ደውላ ስትነግረኝ፣ ከማልቀሴ በፊት የመጣብኝ ንዴት ነው።

እትየ አንጓች እኔ እሠራበት በነበረው የዳንግላ ባንክ ቅርንጫፍ በር ላይ ሴት ደንበኞችን የሚፈትሹ ጥበቃ ነበሩ። አጭር፣ ደልደል ያሉ ሴት ናቸው። ጥበቃ አቅራቢው ኤጀንሲ የሰጣቸው ሰማያዊ ካፖርት ለወንድ የተሰፋ ስለሆነ ከጉልበታቸው አልፎ ይወርዳል፤ ኮፍያውን በሻሻቸው ላይ ደርበው ሲያደርጉት ደግሞ ሳልስቅ አልፌ አላውቅም። «ሳቂ፣ ሳቂ፣ ጥርስሽ ይታጠብ» ይሉኛል። ከበሩ ጎን በቆርቆሮ የተሠራች፣ መጋረጃ የተንጠለጠለባት መፈተሻ ነበረች። ሙሉ ቀን እዚያች ውስጥ ቆመው ይውላሉ።

ሌላ ቦታ ተፈትሻችሁ ታውቃላችሁ፤ አንዳንዷ ፈታሽ እንደ ከብት ነጋዴ ነው ገላ የምትዳብሰው። እትየ አንጓች ግን መጀመሪያ መዳፋቸውን እፍ እፍ ብለው ያሞቁታል። የዳንግላን ጠዋት የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። ከዚያ «ይቅር በይኝ የኔ እመቤት» ይላሉ፤ ሴትየዋ የሹም ሚስት ትሁን ቆሎ ሻጭ፣ ቃሉ አንድ ነው። ደረት አካባቢ ሲደርሱ በእጃቸው ጀርባ ብቻ ነካ አድርገው ያልፋሉ፤ በመዳፋቸው አይነኩም። ከገጠር የምትመጣ ሴት ገንዘቧን በጨርቅ ቋጥራ በጡቷ መሃል ነው የምትይዘው፤ ቋጠሮዋን እስክታወጣ ፊታቸውን ወደ ቆርቆሮው አዙረው ይጠብቃሉ። «እጅ እንግዳ ነው፤ ሳይጠሩት አይገባም» የሚል የራሳቸው አባባል ነበራቸው።

አንድ ጊዜ ከአዘና በኩል አንዲት አሮጊት ልጃቸው ከሱዳን ጠረፍ የላከላቸውን ብር ሊያወጡ መጡ። መጋረጃውን ሲያዩ «ሊዘርፉኝ ነው» ብለው ጮኹ። አማርኛ እምብዛም አይሰሙም። እትየ አንጓች በአገውኛ ሲያናግሯቸው ጊዜ ትንሽ ተረጋጉ፤ ግን አሁንም አልገባም አሉ። ይኼኔ እትየ አንጓች ካፖርታቸውን ከፍተው ሁለት እጃቸውን ዘረጉላቸው፦ መጀመሪያ እርስዎ እኔን ይፈትሹኝ ማለታቸው ነው። አሮጊቷ የምር ፈተሿቸው! ኪሳቸውን፣ ሻሻቸውን፣ ጫማቸውን ሳይቀር። ከዚያ ሁለቱም እየሳቁ ገቡ። እኛ መስኮት ውስጥ ሆነን እንባችን እስኪመጣ ሳቅን።

ምሳ አብረን ነበር የምንበላው፣ ከግቢው አጥር ሥር፣ ፀሐይ ላይ። ጨዋታ ያውቃሉ። የባንኩ የሴቶች ልብስ ነገር በየጊዜው ሲለዋወጥ ያዩ ስለነበር የራሳቸውን ዘመን ያነሱብናል። «እኛ ገጠር ስናድግ የውስጥ ልብስ የምትሉት መቀነት ነበር» ይላሉ። «ቀሚስ ታጠልቂያለሽ፣ መቀነትሽን ጠበቅ ታደርጊያለሽ፣ አለቀ። ዳንግላ ትምህርት ቤት ስገባ አስተማሪዋ ሙታንታ አላደረግሽም ብላ በኩርኩም አለችኝ። ሙታንታ ምን እንደሆነ ማን ነግሮኝ?» ከዚያ ደግሞ አንዲት የመንደራቸው ልጅ ከባሕር ዳር ጡት መያዣ አድርጋ የመጣች ጊዜ የሆነውን ያወሩልናል። ወንዝ የወረደው ሴት ሁሉ «ጡቷን አቁማ ወንድ ልትጠራ ነው» ብሎ አማት፤ አባቷ በነገር ብዛት ልጅቷን ወደመጣችበት መለሷት። «ያኔ ያደረገች ባለጌ፣ ዛሬ ያላደረገች ባለጌ» አሉና እንጀራቸውን ጠቀለሉ። «አልገባችሁም እንዴ? ባለጌውስ የሚያየው ዓይን ነው።»

እውነታቸውን ነበር። እኔ ስቀጠር ሴቱ የፈለገውን ለብሶ ይመጣ ነበር። ቀጥሎ ሱሪ ተከለከለ፤ ሱሪ የወንድ ነው ተባለ። ቀጥሎ ረጅም ቀሚስ ተከለከለ፤ ገጠሬ ያስመስላል ተባለ። በመጨረሻ ዩኒፎርም መጣ። ጠባብ ጉርድና ነጭ ሸሚዝ። ሸሚዙ ሸሚዝ እንዳይመስላችሁ! ከመሳሳቱ የተነሳ ፀሐይ ላይ ስትቆሚ ውስጥሽ ያለውን ሁሉ ያወጣዋል። ጥቁር ጡት መያዣ ብታደርጊ ይታያል፣ ነጭም ብታደርጊ ይታያል። ይህን ጊዜ ሰርኩላር መጣ፦ የሴት ሠራተኞች ጡት መያዣ የገላ ቀለም ይሁን፤ ከጉርዱ ሥር የውስጥ ጉርድ ይደረግ፤ የፓንት ጠርዝ እንዳይታይ ይሁን። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን አሉ! ጨርቁን አሳስቶ ያሰፋው ማን ሆነና ነው ጥፋቱ የእኛ የሆነው?

የገላ ቀለም የተባለውን ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ ዞረን ያገኘነው ነጣ ያለ ሮዝ፣ እንደተነጨ ዶሮ ያለ ነገር ነው። እትየ አንጓች በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው አዩት። «የማን ገላ ነው ይኼ? እኔ ዳንግላ ላይ እንዲህ ያለ ገላ ያለው ሰው አላየሁም!»

የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ «ሥርዓት» የምትል ቃል ሳይጨምር ዓረፍተ ነገር ስለማይጨርስ በየጓዳው «አቶ ሥርዓት» እንለዋለን። ገና ጎልማሳ ነው፤ ክራቫቱ አይጣመምም፣ ጫማው ላይ ጭቃ አይታይም። ከመኪናው ሲወርድ በዕድሜ እናቱ የሚሆኑትን እትየ አንጓችን «አንቺ፣ በሩን ክፈቺ» ነው የሚላቸው። ይህች ብቻ እንኳ ለኔ በቂ ነበረች። እሳቸው ግን «ምን ያርግ፣ ያሳደገው ሰው አላስተማረው» ብለው ያልፉታል።

ሰናይት የገንዘብ መስኮት ላይ የምትሠራ ልጅ ናት። ዝምተኛ፣ ሰው ቀና ብላ የማታይ፤ እሷም የአዘና ልጅ ናት። ወልዳ ከእረፍት ስትመለስ ነው ጣጣው የመጣው። ጡቷ ወተት ሞልቶት ያብጥባታል፤ ያን ሮዝ ነገር ስታደርገው ሽቦው ይቆረቁራታል፣ ያማታል፣ ታተኩሳለች። አንዳንድ ቀን አውልቃው ትመጣለች። ልጇን የምታጠባበት ሰዓት ሲያልፍ ወተቱ በዚያ ስስ ሸሚዝ ላይ ይወጣል። በምን ትሸፍነው? ነጠላ ደርባ ብትመጣ «ዩኒፎርም አይደለም» ተብላ እንድታወልቅ ተደረገች።

አንድ ጠዋት በሩ ሳይከፈት አቶ ሥርዓት ሁላችንንም አዳራሽ ሰበሰበን። «እህቶች» አለ። እህቶች ካለ ነገር መጥቷል ማለት ነው። «የምንለብሰው የባንኩን ገጽታ ነው። ሥርዓት ያስፈልጋል። በአንዳንዶቻችሁ ዘንድ በውስጥ ልብስ አጠቃቀም ረገድ ክፍተት ታይቷል። ደንበኛ እየጠቆመን ነው። ደንበኛ ፊት... እ... እርጥብ ሆኖ መቅረብ ነውር ነው።»

ሰናይት ደረቷን በሁለት እጇ አቅፋ ወለሉን ታያለች። ፊቷ እስከ ጆሮዋ ቀላ። ወንዶቹ ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። እኔ አልቻልኩም። «ወፈር ያለ ሸሚዝ አታሰፉልንም ወይ?» አልኩት።

«እሱ የበጀት ጉዳይ ነው። የኛ ጉዳይ ሥርዓት ነው። ስለዚህ ከነገ ጀምሮ ሴት ሠራተኞች ስትገቡ በመፈተሻው በኩል ታልፋላችሁ። ፈታሿ ጡት መያዣና የውስጥ ጉርድ ማድረጋችሁን በእጇ እያረጋገጠች ሪፖርት ታደርግልኛለች።»

ሰማችሁ? በእጇ እያረጋገጠች! እግዚኦ! እኛ ለእንጀራ የወጣን የሰው ልጆች፣ የሰው ሚስቶች፣ የሰው እናቶች፣ ጠዋት ጠዋት ተዳብሰን ልንገባ! አንዷ ከኋላዬ «ወይኔ ጉዴ» አለች። እትየ አንጓች በሩ አጠገብ ቆመው ነበር፤ አንዳች አልተናገሩም። ዝምታቸውን እንደ እሺታ ቆጥሮት መሰለኝ ክራቫቱን እያስተካከለ ወጣ።

በማግስቱ ግቢው ገና አልተከፈተም፤ ደንበኛ የለም፤ እኛና የጽዳት ሠራተኛዋ፣ ወንዱ ጥበቃ ጋሽ አዱኛ፣ ሁለት የሒሳብ ወንዶች ብቻ ነን። አቶ ሥርዓት ትእዛዙ መፈጸሙን ሊያይ የመስታወቱ በር ላይ ቆሟል። ሰናይት ከሁላችን ኋላ ናት፤ ያን ቀንም ጡት መያዣ አላደረገችም ነበር። እትየ አንጓች የመፈተሻዋን መጋረጃ ወደ ላይ ጠቅልለው በሲባጎ አሰሩት፣ ሁሉም እንዲያይ። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆሙ።

«ደህና አደርሽ እታለም? ግቢ» አሉ ለመጀመሪያዋ። ለሁለተኛዋም እንዲሁ። ለኔ «አንች ሳቂታ፣ ዛሬ ምነው ጥርስሽን አጣሁት?» አሉኝ። ሰናይት ስትደርስ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጅሽ አስተኛሽ? ግቢ የኔ ልጅ፣ ቀና ብለሽ ግቢ።»

«አንጓች!» አለ እሱ። «ምን ብዬሽ ነበር?»

«ሰምቻለሁ ጌታው።»

«ታዲያ?»

«እኔን የቀጠሩኝ ሽጉጥና ቦምብ እንድፈልግ ነው። የእናት ጡት መሣሪያ ከሆነ ይንገሩኝና እሱንም እፈልጋለሁ።»

አንደኛው የሒሳብ ሠራተኛ ሳቁ አመለጠው። አቶ ሥርዓት ፊቱ ተለዋወጠ። «ትእዛዝ ነው! ሥርዓት ነው!»

«ሥርዓት ከሆነማ ለሁሉም ይሁን» አሉ እትየ አንጓች፣ ዝግ ብለው። ከዚያ ወደ ወንዱ ጥበቃ ዞሩ። «አዱኛ! ና እስቲ ወንድሜ፣ ጌታውን ወደዚህች መፈተሻ አስገባና ሙታንታ መታጠቃቸውን በእጅህ አረጋግጥ። እሳቸውን ስትጨርስ እኔ ወደ ሴቶቹ እሄዳለሁ።»

ጋሽ አዱኛ ፊታቸውን በካፖርታቸው ኮሌታ ደበቁ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። የጽዳት ሠራተኛዋ መወልወያዋን ጥላ ሸሸች። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ጠዋት ተደስቼ አላውቅም። ደስታው ግን እስከ ምሳ አልቆየም። የኤጀንሲው ሰው መጣ፤ «ሥራ አስኪያጁ አልፈልጋቸውም ብለዋል» አለና ካፖርቱንና ኮፍያውን ከላያቸው ተቀበላቸው። ቀሚሳቸውን አራግፈው፣ ነጠላቸውን ተከናንበው ወጡ። አቶ ሥርዓት ቢሮ ገብቼ ጮህኩበት። «ኤጀንሲው ነው የቀየራት፣ እኔን አይመለከተኝም» አለኝ፣ ቀና ሳይል። ውሸታም!

ቀኑ የገበያ ቀን ነበር። ሕዝቡ በር ላይ የለመዳቸውን ሴት ሲያጣ «አንጓች የት ሄዱ?» ይላል። ነጋዴው ጠየቀ፣ ገበሬው ጠየቀ። አቶ ሥርዓት ለሁሉም አንድ መልስ ነበረው፦ «በሥነ ምግባር ጉድለት ተሰናብታለች።» የባንክ ጥበቃ በሥነ ምግባር ጉድለት ተባረረች ሲባል ሰው ምን ብሎ ይገምታል? ገበያው ሳይበተን ወሬው ሰረቀች ሆኖ አረፈ። ይህንን አያውቅም ነበር ብላችሁ እንዳትከራከሩኝ! ያውቃል። «አይደለም፣ አልሰረቁም» ማለት አንድ ትንፋሽ አይፈጅበትም ነበር። ያቺን ትንፋሽ ነፈጋቸው።

ፀሐይ ስትጠልቅ እትየ አንጓች ከተከራየሁበት ቤት መጡ። እኔ ገና ስፎክር ነበር የደረሱት። «ነገ ገበያ መሃል ቆሜ እጮሃለሁ! እያንዳንዱን ነገር እናገራለሁ!»

«ምን ብለሽ?»

«ያዘዘዎትን ነዋ!»

«ቁጭ በይ። ‹የሴቶቹን ጡት ዳብሽ ተባሉ› ብለሽ ልትናገሪ ነው? የየትኞቹ ሴቶች ሲሉሽስ? ሰናይት ከአማቷ ጋር ነው የምትኖር። አማቷ ድሮም ባንክ ቤት ወንድ መሃል መዋሏን አልወደደችላትም። ይህን ስትሰማ ነገውኑ ሥራዋን ታስጥላታለች። ያ ሕፃን በምን ያድጋል?»

«እርስዎስ? ሌባ እያሉዎት እኮ ነው እትየ!»

ሲናገሩ ድምፃቸው ደክሞ ነበር። «እኔን ሌባ ቢሉኝ ልጄ ደርሳለች፣ ጥሊሊ ታስተምራለች፤ እንጀራዋን ማንም አይቀማትም። ያ ሕፃን ግን ገና ለጋ ነው። እጄን ከሰበሰብኩ አይቀር ምላሴንም ልሰብስበው። በሚካኤል ገዝቼሻለሁ! በሕይወት እስካለሁ ይህ ነገር ካፍሽ እንዳይወጣ።»

ግዝት ቀልድ አይደለም። በሚካኤል ተገዝቶ የሚናገር አገር ውስጥ አላደግሁም። ዝም አልኩ።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን አልረሳውም። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። ጎረቤቱ ሁሉ ገበያ ሲሄድ ቁልፉን እሳቸው ጋ ነበር የሚተወው፤ ቁልፍ የሚተው ሰው ጠፋ። ሆቴል በር ላይ ለፈታሽነት ጠየቁ፤ «ሰው ይዘናል» ተባሉ፤ በሳምንቱ ሌላ ሴት ቆማ አየናት። በርበሬ ሲሸምቱ ሻጯ ዓይኗን ከእጃቸው አትነቅልም። ያን እጅ! መናኸሪያው ጥግ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ መሸጥ ጀመሩ፤ ክረምት ከበጋ፣ በዚያ ዝናብ፣ ላስቲክ ተከናንበው። ሳልፍ ሁለት ድንች በግድ ያስጨብጡኛል። «ኧረ ተይ፣ አትኮሳተሪ፤ ሆድ ይፍጀው» ይሉኛል። የሳቸው ሆድ ችሎ ይሆናል፤ የኔ አልቻለም።

ኤጀንሲው በሳቸው ቦታ ገና ጉርምስናዋ ያልለቀቃት ልጅ ላከ። ምስኪን፣ እየተንቀጠቀጠች ትዳብሰናለች፤ እምቢ ብትል ምን እንደሚጠብቃት አይታለች። እኔ በዚያች መፈተሻ አላልፍም ብዬ ስለተሟገትኩ ወደ እንጅባራ ቅርንጫፍ ተዛወርኩ። ሰናይት አጎንብሳ ኖረች። አቶ ሥርዓትም ተሾመ፤ ከዳንግላ ወደ ላይ ከፍ አለ። ታዲያ በመጨረሻ ምን ሆነ መሰላችሁ? ዋናው መሥሪያ ቤት ዩኒፎርሙን ቀየረው። ወፍራም ጃኬትና ሱሪ። አዎ፣ ያው ሱሪ! ጡት መያዣውም፣ የውስጥ ጉርዱም፣ የገላ ቀለሙም አንድ ቀን እንደ ጉም በነነ። የሰው እንጀራና የሰው ስም የበላው ትእዛዝ በጨርቅ ተተክቶ ቀረ፤ «አጥፍተናል» ያለ ግን የለም። እትየ አንጓች ያኔም ድንች እየቀቀሉ ነበር።

ያን ቀን ከባጃጁ ወርጄ ለቅሶው ቤት ስደርስ ድንኳኑ ግማሹ ባዶ ነው። በዳንግላ የለቅሶ ድንኳን ባዶ ሆኖ አይቼ አላውቅም፤ ለማይታወቅ እንግዳ እንኳ ሰው ይሞላል። ልጃቸው ዓለም ከእናቷ ፎቶ አጠገብ ተቀምጣለች። አለቃቀሷ ድምፅ የለውም፤ ጮክ ብሎ ማልቀስ የተከለከለች ይመስል አንገቷን ደፍታ ነው። ለምን እንደደፋች ገባኝ። ለሷም አልነገሯትም። የገዛ ልጃቸውም ከሰው ሰምታ፣ ለመጠየቅ አፍራ፣ እንዲሁ ኖራለች።

ሰናይት ከአማቷ ጋር ተቀምጣ ነበር፤ አጠገባቸው ሄጄ ተቀመጥኩ። ጥቂት ቆይቶ መኪና ቆመ። የቅርንጫፉ ሰዎች ተሰብስበው መጡ፤ ከፊታቸው ማን ነው? አቶ ሥርዓት! ሹም ሆኗላ፤ ለቀድሞ ሠራተኛ ለቅሶ መድረስም የባንኩ ገጽታ ነው። ወንዶቹ መሃል ቦታ ተለቀቀለት፣ ንፍሮ በሳህን ቀረበለት። እየቆረጠመ ለዓለም ቃሉን አሰማ።

«አይዞሽ። ሰው ሆኖ የማይሳሳት የለም። ያለፈው አልፏል፤ እግዚአብሔር ይማራቸው።»

ዓለም አንገቷ የባሰ ወረደ። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ፤ ሌብነቱን ራሱ የባንኩ ሰው አረጋገጠው! ግዝቱ በሞታቸው ተፈቷል። ለመነሳት ስንደረደር ግን አንድ እጅ ትከሻዬን ተጭኖ አስቀመጠኝና ተነሳ። ሰናይት ናት። ያቺ ሰው ቀና ብላ የማታይ ልጅ! ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ ድንኳኑ መሃል ገባች። የአዘና ሴቶች ልጅ መሆኗን ረስቼው ነበር፤ ሙሾ ሲወጣ እየሰማች ነው ያደገች። በለቅሶ ቤት ደግሞ በወሬ የማይነገረው በሙሾ ይነገራል፤ ሙሾ እየተወጣ ተነስቶ መሄድ፣ ወይም አስለቃሽን ዝም በይ ማለት፣ ነውር ነው። ደረቷን እየመታች አወጣችው፦

«ጡታቸውን ዳብሽ ብሎ ቢያዝ ጌታዋ፣
እምቢ ብላ ሄደች ተቆርጦ እንጀራዋ።»

የአቶ ሥርዓት አፍ መሥራት አቆመ። ሰናይት ዞራ አየችው፤ በቀጥታ፣ ዓይን ለዓይን።

«እጇን ሰበሰበች ላትነካ የሴት ገላ፣
ሌባ ናት ተባለች ሌባው ንፍሮ ሲበላ።»

እኔ ያየሁት አማቷን ነው። ያቺን ስንፈራት የኖርነውን ሴት። «የኔን ልጅ ነው?» አለች ድምጿን ከፍ አድርጋ። «የኔን ልጅ ገላ ነው ሊያስዳብስ የነበረው?» ሰናይት እያለቀሰች ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። አማቷ ተነስታ አጠገቧ ቆመችና ሙሾውን ተቀበለቻት፤ «ሌባ ናት ተባለች!» ከዚያ የበርበሬ ሻጯ ተነሳች። ከዚያ ጎረቤቶቹ፣ ቁልፋቸውን የከለከሉት ሁሉ። ከውጭ ያለው ሰው ጩኸቱን ሰምቶ መግባት ጀመረ። «ምንድን ነው? ማን ነው?» ይላል፤ ሴቶቹ በአገጫቸው ያሳዩታል። እሱ ተነስቶ መሄድ አይችልም፣ መቀመጥም አልቻለም። ሳህኑ ጭኑ ላይ ሆኖ ላቡ ይንቆረቆራል።

ዓለም አንገቷን ቀና አደረገች። እናቷ ከተባረሩ ወዲህ ዓይኗን ሙሉ ለሙሉ ያየሁት ያኔ ነው። ከተቀመጠችበት ተነስታ በሴቶቹ መሃል አልፋ ወደ ወንዶቹ ሄደች፤ ከፊቱ ቆመች። ምራቅ ትተፋበታለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ጎንበስ አለችና የንፍሮውን ሳህን ከጭኑ ላይ አነሳች።

«እርስዎ ይበቃዎታል» አለችው።

ሳህኑን ወሰደችና ወደ እናቷ ፎቶ ተመልሳ፣ ድንኳኑ እስኪንቀጠቀጥ ጮኻ አለቀሰች።